ውርስና ኑዛዜ፦ በሕይወት በቀረ የትዳር ጓደኛና በልጆች መካከል ስለሚነሣ ክርክር

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ተነሥቶ፣ ወንድሙ ውርሱን እንዲያካፍለው ጌታችንን ሲለምን እናነባለን። ጌታችን በእነርሱ ላይ ፈራጅና አካፋይ ሆኖ እንዳልተሾመ ገልጾ ልመናውን ሳይቀበል ቀረ። ሆኖም ሰውየውን ዝም ብሎ አላሰናበተውም፤ ወዲያው ከስስት ሁሉ እንዲጠበቁ አስተማረ፣ ቀጥሎም ጐተራውን አፍርሶ የበለጠ ሊሠራ ሲያስብ በዚያች ሌሊት ነፍሱ የተጠየቀችውን የባለጠጋውን ምሳሌ ተናገረ። ንብረቱን ለሚከፍል ሕግና ዳኛ አለ፤ ልብን የሚመለከተውን ግን ቤተ ክርስቲያን ለሌላ ልትተወው አይገባትም። በዚህ ትምህርት ሁለቱን ለየብቻቸው ለማየት እንሞክራለን፤ ምክንያቱም በየቤቱ የሚታየው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

ጣርማ በርን አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሁሉ የይፋትን ቆላ ያውቀዋል። ማሽላው፣ ጤፉና ማሾው፣ ውኃ በሚደርስበትም ቀይ ሽንኩርቱ የሚበቅልበት አገር ነው። ከተማዪቱ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚሄደው ዋና መንገድ ዳር ስለምትገኝ፣ ትናንት የጓሮ ጥግ የነበረው ቦታ ዛሬ የሱቅና የኪራይ ቤት ሆኗል። መሬትና ቤት ዋጋ ባወጡ መጠን፣ አባት በሞተ ማግሥት የሚነሣው ጥያቄም እየከረረ ሄዷል። የአርባው ቀን ጸሎት ሳይደርስ፣ አንዳንዴም ድንኳኑ ሳይነሣ፣ ልጆች በአንድ ወገን፣ ባልቴቲቱ በሌላ ወገን ሆነው ሽማግሌ ሲፈልጉ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ባልቴቲቱ የልጆቹ እናት ካልሆነች ደግሞ ነገሩ ይብስበታል።

ስስት በዚህ ውስጥ የለም አንልም። ነገር ግን ከስስት በፊት የሚገኝ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሟች ንብረት የትኛው እንደሆነ አለማወቅ ነው። እናት ሁሉም የእኔ ነው ትላለች፤ ልጆችም ሁሉም የአባታችን ነው ይላሉ። በሕግ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ተሳስተዋል።

ውርስ ከመባሉ በፊት

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በውርስ ረገድ እስከ ዛሬ የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ሳይኖር ለሚሞት ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆቹ መሆናቸውን በአንቀጽ 842 ይደነግጋል። ወንድና ሴት፣ ታላቅና ታናሽ፣ የፊተኛዪቱም ሆነ የኋለኛዪቱ ሚስት ልጅ ሳይባል ድርሻቸው እኩል ነው። ብዙ ምእመናንን የሚያስደነግጠው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ባል ወይም ሚስት በዚህ ሕግ ወራሽ አይደሉም። ሚስት ባሏን በኑዛዜ ካልሆነ በቀር አትወርስም፤ ባልም እንዲሁ።

እንግዲህ ባልቴቲቱ ባዶ እጇን ትወጣለች ማለት ነውን? አይደለም። እርስዋ የምትወስደው የራስዋን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ በጥረታቸው ያፈሩትን ሁሉ የጋራ ያደርገዋል። ጋብቻው በሞት ሲፈርስ የጋራው ንብረት በመጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ እጅ ከሞት በፊትም የእርስዋ ነበረ፤ ሌላው እጅ ብቻ ውርስ ይባላል። ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ ተመዝግቦ ቢገኝም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ከጋብቻ በፊት የነበረውና በትዳር ዘመን በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘው ግን የግል ነው። ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ፣ ለምሳሌ የቤት ኪራይ፣ ትዳር ከቆመ በኋላ የጋራ ይሆናል፤ ይህንንም ብዙዎች አያውቁትም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናንሣ። በሸዋ ሮቢት የሚኖር አንድ ሰው ከመጀመሪያ ሚስቱ ጋር 600,000 ብር የሚያወጣ ቤት ሠራ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ እንበል። ሚስቲቱ ሞተች። በዚያች ቀን የቤቱ እኩሌታ፣ 300,000 ብር፣ የእርስዋ ውርስ ሆኖ ለሦስቱ ልጆች ደረሰ፤ ለእያንዳንዳቸው 100,000 ብር ማለት ነው። ነገር ግን ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልከፈለም። አባት በቤቱ ኖረ፣ ሌላ ሚስት አገባ፣ አንድ ልጅ ወለደ፤ ከሁለተኛዪቱም ጋር 200,000 ብር አፈሩ። ከዓመታት በኋላ እርሱም ሞተ። የእርሱ ውርስ ከቤቱ የቀረው 300,000 ብርና ከሁለተኛው ትዳር ሀብት እኩሌታው 100,000 ብር፣ በድምሩ 400,000 ብር ነው፤ ለአራቱ ልጆች ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው 100,000 ብር ይደርሳል። የፊተኛዪቱ ልጆች የእናታቸውን ሲጨምሩ እያንዳንዳቸው 200,000 ብር፣ የኋለኛዪቱ ልጅ 100,000 ብር፣ ባልቴቲቱም የራስዋን 100,000 ብር ያገኛሉ። ከቤቱ ላይ ባልቴቲቱ በወራሽነት የምትጠይቀው ምንም የለም።

ይህን ስሌት ሁለቱም ወገኖች ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ባልቴቲቱ አሥራ አምስት ዓመት የጠረገችውን፣ የለቀለቀችውን፣ በሽተኛ ያስታመመችበትን ቤት እኩሌታው የእኔ ነው ብላ ትኖር ነበር። ልጆቹ ደግሞ እርስዋ ከመጣች ወዲህ የተፈራውን ሁሉ ቤቱን ተከትሎ የእነርሱ ያደርጉታል። የጠቡን ሥር ግን እንመልከት። ጠቡ የተተከለው አባት በሞተ ጊዜ አይደለም፤ የመጀመሪያዪቱ ሚስት ሞታ ድርሻዋ ሳይለይ በቀረ ጊዜ ነው። በአገራችን ባል ሲሞት ስለ ንብረቱ የማይጠይቅ ዘመድ የለም፤ ሚስት ስትሞት ግን ባል በሁሉ ላይ እንደ ነበረ ይቀመጣል፣ ስለ እርስዋ ድርሻ መናገርም እንደ ነውር ይቈጠራል። የሟቿ እናት ድርሻ በዝምታ ተቀብሮ ይቈይና፣ ሌላዪቱ ሴት ባልቴት በሆነች ቀን በእርስዋ ላይ ይነሣል። «እንጀራ እናት» የሚለው ስም በክፉ የሚነሣው፣ እርስዋ ሳትኖር በተሠራ ስሕተት ምክንያት መሆኑ ብዙ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሚስቱ የሞተችበት ሰው እንደገና ተክሊል ወይም ቃል ኪዳን ከመፈጸሙ በፊት፣ የሟችን ድርሻ ከልጆቹ ጋር በጽሑፍ እንዲለይ ካህናትና ካቴኪስቶች ቢመክሩት መልካም ነው እንላለን። ቤቱ ይሸጥ ማለታችን አይደለም፤ የማን ምን ያህል እንደሆነ ይጻፍ ማለታችን ነው። ለአዲሲቱ ሙሽራም ቢሆን የምትገባበትን ቤት ማወቅ መብቷ ነው።

የእርሻ መሬት

የገጠር መሬት ከቤትና ከከብት የተለየ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ስላደረገው፣ የሚተላለፈው የይዞታ መብት ነው። በዚህ ረገድ ታሪኩን ማስታወስ ይጠቅማል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባለይዞታው ሲሞት በመሬቱ የመጠቀምን መብት በመጀመሪያ የሰጠው ለባል ወይም ለሚስትና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ነበር፤ ያደጉ ልጆች የሚመጡት እነዚህ ባይኖሩ ብቻ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባልቴቲቱን ከወራሾች ቍጥር ሲያስወጣት፣ የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከፊት አስቀደማት። በዚያን ዘመን የጐለመሱ አረጋውያን አንዱን፣ በከተማ የተማሩ ልጆቻቸው ሌላውን ይዘው ሲከራከሩ፣ ሁለቱም «ሕጉ እንዲህ ይላል» ቢሉ አያስደንቅም።

ዛሬ በክልሉ በ1998 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 133 የተካው የ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 252 አለ፤ የፌዴራሉም ሕግ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ታድሷል። የወራሾቹን ተራ ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ከሰፈር ወሬ ይሻላል። አንድ ነገር ግን ሁሉም ሊይዘው ይገባል፤ የይዞታ ማረጋገጫው ደብተር በባልና በሚስት ስም ከሆነ፣ በባል ሞት ለውርስ የሚቀርበው የእርሱ ድርሻ ብቻ ነው። የእርስዋ ድርሻ በስምዋ እንደ ተጻፈ ይኖራል።

በተግባር የሚያስቸግረው እርሻው ነው። በልማዳችን ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም፤ ስለዚህ ባልቴቲቱ መሬቷን ለእኩል ወይም ለሲሶ አራሽ ትሰጣለች፣ ወይም ልጅ ያርስላታል። አባቱ ከደከመ ጀምሮ ያረሰ ልጅ መሬቱን እንደ ራሱ ማየቱ በሰውኛ ይገባናል፤ ላቡ አለበትና። ይሁን እንጂ የማረስ ድካም የእኩሌታ ምርት ያስገኝ እንደ ሆነ እንጂ የእናትን ስም ከደብተር አይፍቅም። በአንጻሩ የልጁን ድካም እንዳላየች ሆና መሬቱን በማግሥቱ ለባዕድ የምትሰጥ እናትም ፍትሕ አላደረገችም።

በይፋት ከሙስሊም ወገኖቻችን ጋር በአንድ ገበያ፣ በአንድ ለቅሶ የምንኖር ስለሆነ፣ «በእነርሱስ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በእስልምና የውርስ ሥርዓት ልጆች ላሉት ባል ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ልጆች ላሉአት ሚስት ባል አንድ አራተኛ በወራሽነት ያገኛሉ፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ሁለቱን ሥርዓቶች እየቀላቀሉ ከያንዳንዱ ለራስ የሚጠቅመውን መምረጥ ግን አይቻልም።

«ኑዛዜ» የሚለው ቃል

በቋንቋችን አንድ ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ኑዛዜ ኃጢአትን ለካህን መናገር ነው፤ ኑዛዜ ንብረትን ማደላደልም ነው። በግእዝ «ናዘዘ» ማለት አጽናና ማለት ነው። የሚሞተው ሰው በምሥጢረ ንስሐ ነፍሱን ያጽናናል፤ ቤቱን በማደላደል የሚቀሩትን ያጽናናል። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ አልጋ አጠገብ፣ በአንድ የንስሐ አባት ፊት ይፈጽሙአቸው ነበር።

ዛሬ ግን ይህ አንድነት አደጋ አለው። ካህኑ በምሥጢረ ንስሐ የሰማውን ለማንም፣ ለፍርድ ቤትም ቢሆን፣ አይናገርም። ታማሚው ስለ ቤቱና ስለ መሬቱ የሚፈልገውን በንስሐ መካከል ተናግሮ ቢያርፍ ቃሉ ከካህኑ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ንስሐው ለብቻው፣ የንብረቱ ነገር ደግሞ ምስክሮች ተጠርተው ለብቻው ሊሆን ይገባል።

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በቃል የሚደረገው በሁለት ምስክሮች ፊት ይነገራል፤ ነገር ግን ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አሳዳጊ፣ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታም ብቻ ነው፤ ተናዛዡ ሦስት ወር ከኖረም ይፈርሳል። «አባታችን ሊሞት ሲል ቤቱን ለእኔ ብሏል» የሚለው ክርክር ስንት ወንድማማች አለያይቷል! ቤት በቃል አይናዘዝም። በራስ እጅ የሚጻፈው ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑንም መግለጽ፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ሌላ ሰው ቢጽፈውም፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ወዲያው ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝጋቢ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። መነበቡና ቀኑ ራሱ በኑዛዜው ውስጥ መጠቀስ አለበት፤ ይህ አንድ መስመር ስለ ጐደለ ብቻ ያለ ኑዛዜ የሚቀር ቤተሰብ አለ።

ባልና ሚስት በፍቅር አንድ ወረቀት ላይ በአንድነት የሚጽፉት ኑዛዜ በሕግ አይጸናም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይጻፉ። ልጅን ከውርስ መንቀልም የሚቻለው ምክንያቱ ተገልጾ ሲጻፍ ነው እንጂ በቍጣ በተናገሩት ቃል አይደለም።

ታዲያ ምን ይናዘዝ? መጽሐፍ ቅዱስ፣ በተለይ እኛ ካቶሊካውያንና ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን የምንቀበላቸው መጻሕፍት፣ ለዚህ መልስ አላቸው። በመጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 8 ራጉኤል ልጁን ሣራን ለጦብያ ሲድር የሀብቱን እኩሌታ ወዲያው ሰጠው፤ የቀረው ግን የእርሱ የሚሆነው ራጉኤልና ሚስቱ አድና ሁለቱም ከሞቱ በኋላ ነው። ራጉኤል ብቻ ሲሞት አላለም። ጦብያም ሽማግሎቹን በክብር ጦሮ፣ በክብር ቀብሮ ወረሰ። የእኛም ሕግ ይህን የሚመስል መንገድ አለው፤ ባል ቤቱን ለልጆቹ እየተወ፣ ሚስቱ በሕይወቷ ዘመን እንድትኖርበትና በኪራዩ እንድትጠቀም የአላባ መብትን ሊናዘዝላት ይችላል። ልጆች ባለቤትነታቸውን አያጡም፤ እናትም በስተርጅናዋ አትባረርም። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ ያ አባት ቢያንስ በራሱ ድርሻ ላይ ይህን ቢጽፍ ኖሮ የክርክሩ ግማሽ በቀረ ነበር።

የዮዲትም ታሪክ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ባሏ ምናሴ ወርቅና ብር፣ ከብትና እርሻ ትቶላት ነበር፤ እርስዋም በባልቴትነት አስተዳደረችው። በመጨረሻ ከመሞቷ በፊት ሀብቱን ለባሏ ዘመዶችና ለራስዋ ዘመዶች አካፈለች። ከባሏ ወገን የመጣውን ወደ ባሏ ወገን መለሰች ማለት ነው። በሕይወት የቀረ የትዳር ጓደኛ ይህን ቢያስብ የልጆች ፍርሃት ይቀንሳል፤ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚፈሩት እናታቸው በቤቱ መኖርዋን ሳይሆን ቤቱ ወደ ሌላ ወገን መሻገሩን ነውና። ሲራክ ደግሞ በምዕራፍ 33 በሕይወት ሳለህ ሀብትህን ለልጅም ለሚስትም አሳልፈህ ሰጥተህ እጃቸውን አትጠብቅ፣ ቀንህ ሲፈጸም አካፍል ብሎ ይመክራል። ጨካኝ ምክር የሚመስለው ካለ፣ መሬቱን ሁሉ ለልጁ አስረክቦ በምራቱ ምሕረት የሚኖር ሽማግሌ ካለበት ቤት ገብቶ ይይ።

ለልጆች የተጻፈው በመጀመሪያይቱ የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 5 ነው። ልጆችና የልጅ ልጆች ያሉአት ባልቴት ካለች፣ እግዚአብሔርን መምሰል በቤታቸው ጀምሮ ለወላጆቻቸው ብድራት መመለስን ይማሩ ዘንድ ሐዋርያው ያዝዛል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2218 አራተኛው ትእዛዝ ያደጉ ልጆችን እንደሚመለከት ያስታውሳል። ይህ ለእንጀራ እናት ይሠራልን? አባትን እስከ ሞት ያስታመመችውን ሴት አለማክበር አባትን ማክበር ሊሆን አይችልም። ሕጉ እንኳ ችግረኛ የሆነ የትዳር ጓደኛ ከውርሱ ለመተዳደሪያ የሚሆን ቀለብ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። በጡረታ መብት የሚከፈለው የተተኪ አበልም፣ ለሚስት ወይም ለባል የጡረታው 50 በመቶ፣ ከውርስ አይቈጠርም፤ ልጆች ይህን እንዲካፈሉ መጠየቅ የለባቸውም።

ለካቴኪስቶች

ወደ ኀዘንተኛ ቤት ስትሄዱ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ንብረት አትናገሩ፤ ነገር ግን ደብተር፣ ካርታና የባንክ ወረቀት በአንድ ወገን እጅ ብቻ እንዳይደበቅ በጸጥታ አሳስቡ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳርም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ እንዳየነው ቤት ሲነድ ወረቀትም ይነዳል፤ የሸሸ ሰው ልጁን እንጂ ሰነዱን አያዝልም። ሰነዱ የጠፋበት ቤተሰብ አዛውንቶቹ ምስክሮች በሕይወት ሳሉ ምትክ ይጠይቅ። ያልጠፋበትም ቅጂውን በሌላ ቤት ያስቀምጥ።

ሽማግሌ ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ የጋራውን ከግል ሳትለዩ ወደ ማካፈል አትለፉ፤ የተስማሙበትንም አስጽፉና አስፈርሙ። ዕርቁ እስኪገኝ ሲባል ግን ጊዜው አይለፍ፤ የውርስ ሀብቱን ሌላ ሰው መያዙን ያወቀ ወራሽ ክሱን በሦስት ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል። የኑዛዜ ጸሐፊ ሆናችሁ ለራሳችሁ ወይም ለቁምስናችሁ የሚጠቅም ቃል ከመጨመር ተጠንቀቁ። ምእመን ለቤተ ክርስቲያን ቢናዘዝ ደስ ይለናል፤ ለእናቱ መጦሪያ የሚሆነውን «ቍርባን» ብሎ የሚያስቀረውን ግን ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ነቅፎታል።

ስለ ተዝካርም ይጠየቃል። ከውርሱ ሀብት በቅድሚያ የሚከፈለው ለሟች ኑሮ የሚመጥን የቀብር ወጪ ነው፤ የመታሰቢያ ድግስ በዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አንዱ ልጅ በሬ አርዶ ካበላ በኋላ ወጪውን ከእናቱ ድርሻ እንዲቀነስለት ቢጠይቅ አይገባውም። ለሟች ነፍስ ቅዳሴ ማስቀደስ የሚፈልግ ሁሉ፣ እናትም ልጅም፣ የተለያዩ ቢሆኑ እንኳ፣ በአንድ ቀን በአንድ ቅዳሴ እንዲገናኙ ቀኑን ከቆሞሱ ጋር ተነጋግራችሁ አስተካክሉላቸው።